የጋሽ እንድሪስ ጆሮ

ጋሽ እንድሪስ ሦስት መርፌ ሊዋሱ ስፌት ቤቴ ደጃፍ ላይ የቆሙ ዕለት ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሴት ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ዛሬም እዚያው ነኝ። ክፍሏ ያቺው ናት፣ የስፌት መኪናዋም ያቺው ናት፤ መርፌ የሚዋሰኝ ሰው ነው የሌለው።

መሞታቸውን የሰማሁት ለዩኒፎርም ልትለካ ከመጣች ልጅ አፍ ነው። ክንዷን ዘርግታልኝ፣ "ያ ሣጥኑን የሚያናግረው ሽማግሌ ሞተ አሉ" አለች። ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም። ሜትሩን ክንዷ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ስንት እንደለካሁ ጠፋኝና የዚያን ዩኒፎርም እጅጌ አሳጥሬ ሰፍቼው፣ በኋላ ፈትቼ ደገምኩት። ለካ ታመው ወደ ውጫሌ፣ ወደ ዘመዶቻቸው ተወስደው ኖሯል። እዚያው አረፉ፣ በእስልምናው ደንብም ዕለቱን ተቀበሩ። እኔ ቤታቸው ተቆልፎ ሳየው ለጥየቃ የሄዱ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ልነግራቸው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ "ነገ እነግራቸዋለሁ" ስል የኖርኩት ነገር ነው። ለሳቸው ሳልናገረው ስለቀረ ለእናንተ ልናገረው፤ ግን ሰውዬውን ሳታውቁ ነገሩ አይገባችሁምና ከመርፌው ልጀምር።

"እስቲ ልጄ፣ ወፍራም ወፍራም መርፌ ካለሽ ሦስት አውሺኝ።"

"ምን ሊሰፉ ነው ጋሼ? አምጡት፣ እኔ ልስፋልዎት።"

"የሚሰፋ አይደለም፣ የሚወጋ ነው።"

"ማንን ነው ደሞ የሚወጉት?" ብዬ ሳቅሁ።

"የደነደነ ሱፍ" አሉ፤ እሳቸው አልሳቁም። "ካላመንሽኝ ነይና እዪ።"

ስለ "ሣጥኑ" ቀድሜም አውቅ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከወር በፊት በአይሱዙ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለማየት ያልወጣ አልነበረም። ስምንት ጎረምሳ እያቃሰተ ነው ያወረደው። ከእኔ ስፌት ቤት ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰኑት፣ አብረዋቸው የሚኖሩት እህታቸው፣ እትዬ ሩቂያ፣ ወገባቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው፣ "አርባ ዓመት አዲስ አበባ ኖረህ፣ ሚስት ያመጣል ስንል ሣጥን ታመጣለህ? እህል አይሞላበት፣ ልብስ አይሰቀልበት!" ሲሉ፣ ጋሽ እንድሪስ ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ሩቂያ፣ ይሄ ካልነኩት አይናገርም። ለዚህ ነው የመረጥኩት" አሏቸው። ሰፈሩ ለሳምንት የሳቀባት ንግግር ናት።

ትውልዳቸው አምባሰል ነው፤ ከውጫሌ ወዲያ፣ ከዳገቱ ላይ። በልጅነታቸው አናጢነት ተምረው አዲስ አበባ ገቡ። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ አርመን ቤት የፒያኖ እግር ተሰብሮ እንዲጠግኑ ተጠሩ። ሽማግሌው የፒያኖ ቃኚ ኖሯል። "እግሩን ልጠግን ገብቼ፣ ሆዱን አይቼ እዚያው ቀረሁ" ይሉ ነበር ጋሽ እንድሪስ። ትዳርም አልያዙ፣ ልጅም የላቸው። ሐይቅ ያመጡት ፒያኖ አገር ለቀው የሄዱ ሰዎች "አይጠገንም" ብለው የተዉላቸው ነው።

እንግዲህ መርፌዬን ይዤ ተከትያቸው ገባሁ። የፊቱን ሳንቃ አንስተው ግድግዳ አስደገፉት። ምን ልበላችሁ! እኔ ከውጭ ሳየው ባዶ ሣጥን ነበር የመሰለኝ። ውስጡ ግን ከዳር እስከ ዳር የተሰለፉ ትንንሽ መዶሻዎች፣ ራሳቸው ላይ ነጭ ሱፍ የተጠመጠመላቸው። ከመዶሻዎቹ ኋላ የተወጠረ ሽቦ በሽቦ፣ ከሽቦው ኋላ ደግሞ እንደ አጽም የቆመ ብረት።

"ቁልፉን ስትነኪው መዶሻው ሄዶ ሽቦውን ይመታል። ሱፉ በዕድሜ ብዛት ደንድኗል፤ የደነደነ ሱፍ ድምፁን ስለታም ያደርገዋል። መርፌ ስትወጊው ይላላል፣ ድምፁም ይለሰልሳል። ብዙ ከወጋሽው ደግሞ ይሞታል። እስቲ ውጊው።"

"እኔ?"

"መርፌ የማን እንጀራ ነው? ያንቺ አይደል?"

ወጋሁት። ቁልፏን ነኩና "ስሚ" አሉኝ። እንደገና ወጋሁ፤ እንደገና ነኩ። ቅድም ቆርቆሮ ላይ እንደወደቀ ጠጠር ይጮህ የነበረው ድምፅ ቀስ ብሎ ሰው ሰው ሲሸት ሰማሁ። ያን ቀን ሁለት ቀሚስ ሳልሰፋ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን እንደጨረስኩ በአጥሩ በር እየገባሁ ስንት ነገር ተማርኩ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ጋሽ እንድሪስ ግን ማንንም "አይገባህም" ብለው አያውቁም። መዳፌን ከፒያኖው ጀርባ ባለው ስስ ሳንቃ ላይ አስደግፈው ቁልፍ ሲነኩ ጫጩት የጨበጥኩ ነበር የመሰለኝ። "የሚጮኸው ሽቦው እንዳይመስልሽ። ሽቦ ለብቻው የዝንብ ያህል ነው። የሚጮኸው ይሄ ሆዱ ነው" አሉኝ። ያ ሳንቃ የብርድ አገር እንጨት ነው፤ እዚያ ዛፍ ቀስ እያለ ስለሚያድግ እንጨቱ ጥቅጥቅ ይላል። በርካሹ ፒያኖ ላይ ግን ኮምፔንሳቶ ይለጥፉበታል። "ኮምፔንሳቶ ሆድ ያለው ፒያኖ እንደ ይሉኝተኛ እንግዳ ነው፤ ያወራል እንጂ የልቡን አይነግርሽም።" ሽቦዎቹ ሁሉ በአንድነት ሲስቡ እንጨት ብቻውን አይችላቸውም፣ ይሰነጠቃል፤ ብረቱ የቆመው ለዚያ ነው፣ ስምንቱን ጎረምሳ ያስቃሰተውም እሱ ነው።

ሁለት ዓይነት ፒያኖ እንዳለም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የኛው ቆሞ የሚዘፍን ነው፤ ሽቦው እንደ ሸማ ድር ቆሟል፣ መዶሻው በጎን ይመታና በጠመዝማዛ ሽቦና በቁራጭ ጥብጣብ ተጎትቶ ይመለሳል። ትልቁ ግን ተኝቶ የሚዘፍን ነው። ሽቦው እንደ አልጋ ጠፍር ተጋድሟል፣ መዶሻው ከታች ወደ ላይ ይመታና በራሱ ክብደት ይወድቃል። "መውደቅ ከመጎተት ይፈጥናል። ስለዚህ ተኝቶ የሚዘፍነው ለጣት ይታዘዛል" ይላሉ። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ርቆ ይሄዳል፤ አዲስ አበባን ከለቀቁ ተኝቶ የሚዘፍን አላዩም ነበር።

ሱፉን ብል የበላባቸው ቦታዎች ነበሩ። ከቁልፎቹ ሥር የሚነጠፈው፣ ሽቦውን እፍን አድርጎ ዝም የሚያሰኘውም ብል በልቶት ነበር። ሰው "ከውጭ አስመጡ" ሲላቸው፣ ጋሽ እንድሪስ አምባሰል ወጥተው አሮጌ ጥቁር በርኖስ ይዘው ወረዱ። ደገኛው ብርድ የሚከላከልበት ያ ሱፍ ተጠቅጥቆ ተጠቅጥቆ ውሃ አያሳልፍም። እሳቸው ያሰምራሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ፤ ለመዶሻ አልሆነም፣ ለማፈኛ ግን እንደተፈጠረለት ሆነ። "አሁን ገና የኛ ሆነ። አፉን ሲዘጋ በአምባሰል ሱፍ ነው የሚዘጋው" ብለው ሳቁ።

በበጋ ከፒያኖው ሆድ ሥር አንድ ሳህን ውሃ ያስቀምጣሉ፣ እንጨቱ እንዳይደርቅ። እትዬ ሩቂያ ይህን አይተው ዝም ይላሉ?

"ጊደር ናት እንዴ የምታጠጣት?"

"ጊደርማ ወተት ትሰጣለች፣ ይቺ የምትሰጠኝ ያንቺን ስድብ ነው" ይላሉ እሳቸው። "እንደ ሐይቃችን ነው እኮ ሩቂያ፤ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል።"

አንድ ቀን በአንድ ጣታቸው የአምባሰልን ቅኝት ነካ ነካ አደረጉት። ደስ አለኝና፣ "ወይኔ ጋሼ፣ ራሱ እኮ ነው!" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ግን አይደለም። ማሲንቆ የሚይዛትን ቦታ ፒያኖ አይዛትም። ለምን መሰለሽ? ሁሉንም ዜማ እንዲያስተናግድ ሲባል ከእያንዳንዱ ድምፅ ትንሽ ትንሽ ተቆርሷል። አውቀን ነው የምናዛባው፤ እንደ ጎረቤት። ጎረቤት ከጎረቤት ሲኖር አንዱ ለአንዱ ትንሽ ይተዋል። አለዚያ ወሎ ላይ ማን ይኖር ነበር?" ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። "ይሄ ግን በድምፅና በድምፅ መካከል ነው። ቀጭኗ ድምፅ ሦስት ሽቦ አላት፤ አንዱ ብቻውን ስለማይሰማ ሦስት ሆነው አንድ ቃል ይናገራሉ። በሦስቱ መካከል ውሸት አይፈቀድም። እነሱ አንድ ቤት ናቸው።"

ይህቺን ነገር ያኔ ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ።

ጆሯቸው መድከሙን ያወቅሁት በዝናብ ነው። ወራቱ ክረምት ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እኔ ውጭ ያሰጣሁትን ጨርቅ ላነሳ ስሮጥ፣ እሳቸው በመገረም "ምን ሆንሽ?" አሉኝ። ጠብታውን አልሰሙትም። ተመልሼ ቀጭኗን ቁልፍ ከኋላቸው ነካኋት፤ አልዞሩም። በሁለተኛው ቀን ግን ራሳቸው ነገሩኝ።

"ወላሂ የሺዬ፣ የላይኛዎቹ ድምፆች ከሄዱ ሁለት ዓመታቸው ነው። ወፍራሞቹን እሰማለሁ፣ መሐለኞቹን በጥርሴ እይዛለሁ። ቀጫጭኖቹን ግን… ለማንም አትንገሪ። ጆሮ የሌለው ቃኚ እግር እንደሌለው ፖስተኛ ነው።"

በጥርሴ ያሉት እውነታቸውን ነው። ረዘም ያለች የወይራ መፋቂያ ነበረቻቸው። አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይነክሳሉ፣ ሌላውን ሽቦው በሚያርፍበት እንጨት ላይ ይተክላሉ፤ ንዝረቱ በአጥንታቸው በኩል ይገባላቸዋል። ቀጫጭኖቹ ግን በመፋቂያም አይገቡም። እንግዲህ ለነዚያ ጆሮ ሆንኩ። እሳቸው መቃኛዋን፣ ያቺን እጀታዋ የተላገ ብረት፣ የሽቦው ጫፍ የተጠመጠመበት ችንካር ላይ ያስገቡና ሽቦውን ቀስ አድርገው ያጠብቃሉ፤ እኔ እሰማለሁ። ሁለት ሽቦ ካልገጠመ ድምፁ ጸጥ አይልም፣ "ዋ… ዋ… ዋ…" እያለ እንደ ማዕበል ይመላለሳል። እየቀረበ ሲሄድ ማዕበሉ ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ሲገጥም ደግሞ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት እንደሚታየው ሐይቃችን ዝርግት ይላል።

"ገጠመ?"

"አልገጠመም።"

"አሁንስ?"

"ትንሽ ቀረው… ኸረ ቆይ… ገጥሟል!"

"ማሻአላህ!"

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። በአጥሩ ላይ ሲጠሩኝ "የሺ" ማለት ትተው "ጆሮዬ!" ይሉኝ ጀመር። "ጆሮዬ፣ ሥራ ከሌለሽ ነይማ!" እናቴ ግሸን ማርያም ተስላ የወለደችኝ አንድ ልጇ ነኝ፤ እሷም ሳትቀር "የግሸኗን ስለት እስላሙ ጆሮ አደረጋት" እያለች ትስቅ ነበር።

እንዲህ እያለን፣ ደሴ ላይ አንድ ሆቴል አዳራሽ ሠራና ባለቤቱ ተኝቶ የሚዘፍን አሮጌ ፒያኖ ከሰው ገዛ። የአዳራሹ ምረቃ ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልጅ ሊጫወትበት ነው፣ የሚቃኘው ሰው ጠፋ። እንዴት እንደሰሙ እንጃ፣ ጋሽ እንድሪስን ጠሯቸው። የኮታቸውን ሁለት ቁልፍ ተከልኩላቸው። እኔም የክት ቀሚሴን ለበስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎንበስ ብለው ያሉኝን ዛሬ የተናገሩት ያህል አስታውሳለሁ።

"የሺዬ፣ ዛሬ ካማረ ጆሮዬ መሞቱን በራሴ አፍ እናገራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሰሚልኝ የኖርሽው አንቺ መሆንሽን ነግሬያቸው፣ መቃኛዋን በሰው ፊት ለአንቺ እሰጣለሁ። ከዛሬ ወዲያ ቃኚዋ አንቺ ነሽ። ኢንሻላህ።"

ፒያኖው ጥቁር ነው፣ ክዳኑ እንደ ትልቅ አሞራ ክንፍ ተነስቷል። ጋሽ እንድሪስ ዞሩት፣ በመዳፋቸው ዳበሱት። "እደግ፣ እደግ" ሲሉት ሰማሁ። ከጠዋት ጀምረን ሠራን። ወፍራሞቹ በጆሯቸው፣ መሐለኞቹ በመፋቂያቸው፣ ቀጫጭኖቹ በኔ። ሁሉም አማረልን፣ አንዷ ስትቀር። ከላይ ያለች አንዲት ድምፅ። የአንዱ ሽቦዋ ችንካር ላልቶ ኖሮ፣ ያጠብቁታል፣ እጃቸውን ሲያነሱ መልሶ ይንሸራተታል።

"ገጠመ?"

"አልገጠመም ጋሼ።"

እንደገና አጠበቁ። "ገጠመ?"

"ትንሽ ቀረው።"

እንግዳው መግባት ጀምሯል። የሆቴሉ ባለቤት ከኋላችን ቆሞ ሰዓቱን ያያል። "ጋሼ፣ እንዴት ነው? ሰው እየገባ ነው እኮ" ይላል። የአስር ሶላት ሊያልፋቸው ነው። ላብ ከግንባራቸው ጠብ ሲል አየሁ። ለሦስተኛ ጊዜ አጠበቁና ቀና ብለው አዩኝ።

"ገጠመ?"

አልገጠመም ነበር። ማዕበሉ ይሰማኛል፣ "ዋ… ዋ…"። ግን እኛ አገር ሽማግሌን፣ ያውም በሰው ፊት፣ ሦስት ጊዜ "አልሆነም" ይባላል? ያሳደጉኝ እንዲያ አይደለም። የታመመን "ደህና ነዎት"፣ ጎባጣን "ቀና ብለዋል" እያልኩ ነው ያደግሁት። ያ ደግ ያልኩት ምላሴ ቀደመኝ።

"ገጥሟል ጋሼ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ መቃኛዋን በበርኖስ ቁራጭ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። ልትሰጠኝ የተዘጋጀች ናት።

ልጁ ተቀመጠ። ሲጀምር አዳራሹ በዜማ ተሞላ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ እንድሪስ አጠገቤ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይመታሉ። ከዚያ ያቺ ድምፅ ደረሰች። ሦስቱ ሽቦዎች እንደ ጣውንት ተጯጯሁ። ሰው አላወቀም፤ የልጁ ትከሻ ግን ሽምቅቅ አለ። ሁለተኛ ደረሰባት፣ ፊቱ ተኮማተረ። ከዚያ ወዲያ፣ ጭቃ እንደሚዘል ሰው፣ እየዘለላት መሄድ ጀመረ።

እሳቸው እንደማይሰሟት አውቃለሁ። በዚህ ነበር የተጽናናሁት፣ ሞኟ። ለካ ጣቱን እያዩ ኖሯል። አርባ ዓመት የሰው ጣት ቁልፍ ላይ ሲሮጥ ያዩ ሰው፣ አንዷን ቁልፍ ሲዘላት አያውቁም? ጉልበታቸውን መምታት አቆሙ። ዞረው አንድ ጊዜ አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሲያልቅ ተጨበጨበ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ወርዶ እጅ ነሳና፣ "ጋሼ፣ ግሩም አድርገዋል። ያቺ ላይኛዋ ብቻ… ምናልባት ጆሮዎ ደክሞ ይሆናል" አላቸው።

"ጆሮዬ ነው ልጄ። እርጅና ነው" አሉ። "ይቺ ልጅ ናት ያለችኝ" አላሉም። የሆቴሉ ባለቤትም ቀዝቀዝ ብሎ፣ "እንግዲህ ለወደፊቱ ከአዲስ አበባ ሰው እናመጣለን" አለ። መቃኛዋ ከደረት ኪሳቸው አልወጣችም።

ስንመለስ፣ በሚኒባሱ ውስጥ፣ ቁልቁለቱን ወርደን ሐይቁ ብቅ ሲል ነው የተናገሩት፤ እኔን አላዩም፣ ውሃውን ነበር የሚያዩት።

"'አልገጠመም' ማለት ስድብ አይደለም እኮ የሺ። ሽቦ አይቀየምም። እኔም አልቀየምም ነበር።"

ያኔ "ዋሽቼዎታለሁ ጋሼ፣ አዝኜልዎት ነው" ብል ያልቅ ነበር። ምን ብል ጥሩ ነው? "የገጠመ መስሎኝ ነው" አልኩ። በአንድ ቀን ሁለተኛ ውሸት።

"እሺ" አሉ።

እስካሁን የሚበላኝ ይህቺ ሁለተኛዋ ናት። አምነውኝ ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ያስተማሩት ጆሮ ከንቱ ነው ብለው ነው የኖሩት። ካላመኑኝ ደግሞ፣ አንዴ ብቻ ሳይሆን ዓይናቸው እያየ ደግማ የምትዋሽ ሰው አጠገባቸው እንደኖረች አውቀው ነው። የቱ እንደሆነ አላወቅሁም። አላወቅሁም ብቻ ሳይሆን፣ እንዳላውቅ የሸሸሁም እኔው ነኝ።

አልተቀየሙኝም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሰላምታቸው አልጎደለም፣ ሲያልፉ ቆመው ያናግሩኛል፣ ሳገባ ሙክት ይዘው መጥተዋል፣ ልጄ ስትወለድም ስም ካልመረጥኩላት ብለው አስቀውናል። ግን ከደሴ በኋላ በሦስተኛው ቀን ወደ ስፌት ቤቴ መጥተው ጠረጴዛው ላይ አንድ የበርኖስ ቁራጭ አስቀመጡ። ሦስቱ መርፌዎች ተሰክተውበታል፣ ዝገት እንዳይበላቸው ዘይት ተቀብተዋል።

"ያዋስሽኝ ነው" አሉኝ።

ዳግመኛም በአጥሩ ላይ "ጆሮዬ" ብለው አልጠሩኝም። "የሺ" ነው የሚሉኝ።

አንዴ ልናገር ሄጄ ነበር። በመስከረም፣ የግሸን ተሳላሚ የጫኑ አውቶቡሶች መንገዱን ሲያጨናንቁት፣ እናቴን ሸኝቼ ስመለስ ልቤ ተነሳሳ። ስለት የሚገባው እኮ እዚህ ነው፣ ግሸን ድረስ ምን ያስኬደኛል አልኩና በአጥሩ በር ገባሁ። ጋሽ እንድሪስ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ፒያኖው ላይ አጎንብሰዋል፣ መፋቂያዋን በጥርሳቸው ነክሰው። ፊታቸውን ካየሁ እንደማልደፍር አውቄ ከኋላቸው ቆሜ ተናገርኩ። "ጋሼ፣ ያን ቀን ደሴ ላይ አልገጠመም ነበር። ሰምቼዋለሁ። እያወቅሁ ነው የዋሸሁዎት" አልኩ፣ ሁሉንም፣ እስከ መጨረሻው።

መፋቂያቸውን አዛወሩ፤ ሌላ ቁልፍ ነኩ። ከዚያ ጥላዬን ግድግዳው ላይ አይተው ዞሩና ደስ አላቸው።

"ኸረ የሺ! መቼ መጣሽ? ምን አልሽ?"

ፊታቸውን አየሁት። እንደዚያ ደስ ብሏቸው።

"እንዴት ዋሉ ነው ያልኩት" አልኩ።

ከዚያ በኋላማ ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ። ጆሯቸው ጨርሶ ዘጋ። ፒያኖውን እስከ መጨረሻው ለብቻቸው ይቃኙት ነበር፤ እኔ ከአጥር ማዶ ስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ፣ ቀጫጭኖቹ ድምፆች አንድ በአንድ ከቤታቸው ሲወጡ እሰማለሁ። ተነስቼ "ይሄኛው አልገጠመም" ብዬ ማገዝ እችል ነበር። አፍሬ ቀረሁ። በዚያች ሀፍረቴ ምክንያት ነው ሁለቱን ያጣሁት፣ ሰውዬውንም ሙያውንም።

እትዬ ሩቂያ ከውጫሌ ሲመለሱ ለቅሶ ደረስኩ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ተነሳሁ፤ ምንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት አንድ ነገር እሰማ ጀመር። ሣጥን እያሉ ሲሰድቡት የኖሩት እትዬ ሩቂያ የፒያኖውን ክዳን ከፍተው ቁልፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። ሲወለውሉ፣ ድምፆቹ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በተራ በተራ ይሰማሉ። ያ ሁሉ የተዛባ ድምፅ በየቀኑ ያልፍብኛል።

ባለፈው ወር የቀሚስ ጨርቅ ይዘውልኝ መጡ። ከለካኋቸው በኋላ ወንበሩ ላይ አረፍ አሉና፣ "የሺ፣ እኔ ነገሩ አይገባኝም" አሉኝ። "አቧራውን እጠርግለታለሁ፣ ውሃውንም አስቀምጥለታለሁ። ሲነካ ግን ይጮሃል። ድምፁ ደህና ነው አይደል?"

ዓይናቸው ያንኑ የወንድማቸውን ዓይን ነው የሚመስለው። "ደህና ነው" ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"አይደለም እትዬ" አልኩ። "አልገጠመም። ደሴም አልገጠመም ነበር።" ከዚያ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ችንካሩ፣ በሚኒባሱ ውስጥ ስላልኩት ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ተነስተው ወደ ቤታቸው ገቡ። በበርኖስ ቁራጭ የተጠቀለለችውን መቃኛ ይዘው ተመለሱና ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጧት። ጫማቸውን አስተካክለው ለአስር ሶላት ሊታጠቡ ሄዱ፤ የአጥሩን በር አልዘጉትም።